ለፊልማችሁ ዘፈን ስትመርጡ፦ ኦሪጅናሉ፣ ካቨሩ ወይስ አዲስ ዘፈን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አጭር ፊልም የድሮ ዘፈን ካቨር ሠርተን ነበር፤ ካቨር ማለት ሌላ ሰው ያዜመውን ዘፈን እንደገና አዚሞ መቅረጽ ነው። ዘፈኑን በካሴት ዘመን ያዜሙትን አንጋፋ ድምፃዊ በስልክ አገኘኋቸው። "ይሁን ልጄ፣ እግዜር ያቅናላችሁ" ብለው መረቁን። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። አንዲት ወጣት ድምፃዊት ስቱዲዮ አስገብተን በክራርና በፒያኖ ብቻ ቀረጽናት፤ የፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንትም በእሷ ድምፅ ላይ ተሠራ። ፊልሙ ለአንድ ፌስቲቫል ሲመረጥ ግን የሙዚቃ ፈቃድ ሰነድ አምጡ ተባልን። የካሴቱን ሽፋን ፈልጌ ያነበብኩት ያኔ ነው። ግጥም የአንድ ሰው፣ ዜማ የሌላ ሰው፣ ቅንብር የሦስተኛ ሰው፣ አሳታሚው ደግሞ አንድ ሙዚቃ ቤት። እኚያ ደግ ሰው እኛ የምንፈልገውን መብት ቢወዱም ሊሰጡን አይችሉም ነበር፤ የእሳቸው አልነበረምና።

እኛ ዘፈንን የምንጠራው በድምፃዊው ስም ነው። "የእገሌ ዘፈን" ስንል የጻፈው ሰው ከአፋችን ይጠፋል። ፊልም ሠሪዎች ካቨር ሲያስቡ የሚሳሳቱትም ከዚሁ ልማድ የተነሳ ይመስለኛል። ስለዚህ አማራጮቹን ከማወዳደሬ በፊት ዘፈን የማን እንደሆነ እንለይ።

አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። የመጀመሪያው ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ይህ የደራሲዎቹ ነው፣ ወይም በውል የገዛቸው አሳታሚ፣ ወይም ሲሞቱ የወራሾቻቸው። ሁለተኛው የተቀረጸው ድምፅ ነው፤ ሙያተኞቹ ማስተር የሚሉት። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አውጥቶ ያስቀረጸው ሰው ወይም ሙዚቃ ቤት ነው። ድርሰቱን ከምስል ጋር ለማዋሃድ የሚሰጠው ፈቃድ በዓለም ገበያ ሲንክ ይባላል፤ የተቀረጸውን ድምፅ ለመጠቀም ደግሞ የማስተር ፈቃድ ያስፈልጋል። ድምፃዊውም በአዜማመሩ ላይ የከዋኝ መብት አለው፤ በአገራችን ሕግ ይህና የአስቀራጩ መብት ተዛማጅ መብቶች ይባላሉ።

ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የሌናርድ ኮኸን "ሃሌሉያ" ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው "ሽሬክ" ፊልም ውስጥ የሚሰማው የጆን ኬል አዜማመር ነው፤ ለሽያጭ በቀረበው የፊልሙ አልበም ላይ ያለው ግን የሩፉስ ዌይንራይት ነው። ድርሰቱ አንድ፣ ደራሲው አንድ፣ ማስተሩ ግን ሁለት። ማስተሩ ሲቀያየር ድርሰቱ ከኮኸን ብዕር ንቅንቅ አላለም።

ካቨር መሥራት ከሁለቱ ፈቃዶች አንዱን፣ ማለትም የማስተሩን፣ ይቀንስላችኋል። የድርሰቱን ፈቃድ ግን በምንም መንገድ አይቀንስም።

ኦሪጅናሉን ቅጂ መውሰድ

ትዕይንቱ የሚፈልገው ያንኑ ድምፅ ከሆነ ምትክ የለውም። ታክሲ ውስጥ የተከፈተ ሬዲዮ፣ እናት ስታጸዳ የምታደምጠው ካሴት፣ የ1960ዎቹ አዲስ አበባ የምሽት ክበብ፤ እዚህ ላይ ተመልካቹን የሚነካው የሳክስፎኑ ትንፋሽና የድምፁ መሻከር ራሱ ነው። ካቨር ያንን አይሰጥም።

ዋጋው ግን ሁለት በር ማንኳኳት ነው። በውጭ ገበያ የተለመደ አንድ የውል አንቀጽ አለ፤ "ለሌላኛው ወገን የበለጠ ከከፈላችሁ ለእኔም ያንኑ ትከፍላላችሁ" የሚል። ለምሳሌ የድርሰቱ ባለቤት በ1,000 ዶላር ቢስማማና የማስተሩ ባለቤት 3,000 ቢጠይቅ፣ የድርሰቱም ዋጋ 3,000 ይሆናል፤ በድምሩ 6,000። በጀት ስታወጡ አንዱን ብቻ አስባችሁ እንዳትደነግጡ።

የእኛ ቅጂዎች ሌላ ችግር አለባቸው። ሙዚቃ ቤቱ ተዘግቷል፣ ባለቤቱ ተሰዷል፣ ውሉ የቃል ነበር። አንዳንዴ ዱካው ጭራሽ ከአገር ይወጣል። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ብዙ ሸክላዎች በፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰባሳቢነት በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ እንደገና ስለታተሙ፣ ጥያቄው ከመርካቶ ተነስቶ ፓሪስ ሊደርስ ይችላል። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 "ብሮክን ፍላወርስ" በተባለው ፊልሙ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲያስገባ ዓለም ጆሮውን ወደ እኛ አዞረ። በዚያው ፊልም አልበም ላይ ከሙላቱ የራሱ ቅጂዎች ጎን የሎስ አንጀለሱ ዴንጊ ፊቨር ባንድ የሙላቱን ድርሰት በራሱ አጨዋወት ያቀርበዋል። ኦሪጅናልና ካቨር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ያህል የተለያየ ስሜት እንደሚሰጡ ማወቅ የፈለገ ያንን አልበም ያድምጥ።

የራስን ካቨር ማስቀረጽ

ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንመርጠውም፣ ብዙዎቻችን የምንወድቅበትም ይኸው ነውና።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አዲሱ ማስተር የእናንተ ነው። በአሜሪካ ሕግ የድምፅ ቅጂ መብት የሚከለክለው ያንኑ የተቀረጸ ድምፅ መቅዳትን ነው፤ ሌላ ሰው ከባዶ ተነስቶ ተመሳሳይ አድርጎ ቢጫወተውና ቢቀርጸው የማስተሩ ባለቤት መክሰስ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የ"አይ አም ሳም" ፊልም ሠሪዎች የቢትልስን ኦሪጅናል ቅጂዎች ማግኘት ሲያቅታቸው ዘፈኖቹን በሌሎች ድምፃውያን አስዘፍነው ፊልሙን የሞሉት በዚሁ መንገድ ነው። የድርሰቱን ባለቤት ግን አስፈቅደዋል፤ ያለዚያ አይሆንም ነበር።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ።

ትልቁ "የካቨር ላይሰንስ ከፍያለሁ" የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዴ ለሕዝብ የወጣን ዘፈን ማንም ሰው ደራሲውን ሳያስፈቅድ፣ በሕግ የተተመነ ክፍያ ከፍሎ ካቨር አድርጎ ማሳተም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ተመኑ ለአንድ የሲዲ ወይም የዳውንሎድ ቅጂ 12.7 ሳንቲም ነበር፤ ከ5 ደቂቃ ለሚረዝም ዘፈን ይጨምራል። ዘፈን ወደ ስፖቲፋይና መሰል ቦታዎች የሚያሰራጩ ድርጅቶች የሚሸጡላችሁ "የካቨር ላይሰንስ" ይኸው ነው። ይህ ፈቃድ የሚሠራው ለድምፅ ብቻ ነው። ምስል በተገናኘ ቅጽበት ያበቃል። ለፊልም በሕግ የተተመነ ዋጋ የለም፤ ባለቤቱ የፈለገውን መጠየቅ፣ "አይሆንም" ማለትም ይችላል። የፊልማችሁን ዘፈኖች በአልበም ስታወጡ ያ ፈቃድ ይጠቅማችኋል፤ ፊልሙን ግን አያድንም።

ሁለተኛው የተዘጋጀ ማጀቢያ ነው። ከዩቲዩብ የካራኦኬ ማጀቢያ አውርዶ ድምፃዊ ላዩ ላይ ማስዘፈን የራስ ካቨር አይደለም። ያ ማጀቢያ የሌላ ሰው ማስተር ነው። ቅንብሩም እንዲሁ ነው። በእኛ ዘፈኖች መግቢያውን፣ ያንን ሁሉም የሚያፏጨውን የኪቦርድ ሐረግ፣ ብዙ ጊዜ የፈጠረው ዜማ ደራሲው ሳይሆን አቀናባሪው ነው። ቅንብር በራሱ የሚጠበቅ ሥራ ስለሆነ፣ መግቢያውን ኖታ በኖታ ከደገማችሁት አቀናባሪውንም ማነጋገር አለባችሁ። እኔ ካቨር ሳሠራ ቅንብሩን ከሥሩ እቀይራለሁ፤ ለፊልምም የሚሻለው ያ ነው፤ ቀድቶ የሚመስል ካቨር ከኦሪጅናሉ ጋር ተወዳድሮ ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ግጥም መንካት ነው። አንድ ስንኝ መለወጥ፣ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም፣ ፊልሙ ውጭ ሲታይ የግጥሙን ትርጉም ከሥር መጻፍ፤ ሁሉም የደራሲው ፈቃድ ያለበት ነው። የግርጌ ጽሑፉን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በፈቃድ ደብዳቤው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ይበቃል፤ በኋላ መጠየቅ ግን ሌላ ድርድር ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ደራሲው ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም የሞራል መብትም ይሰጠዋል።

አራተኛው ድምፅ መምሰል ነው። ፎርድ ለመኪና ማስታወቂያው ድምፃዊቷን ቤት ሚድለርን (Bette Midler) ሲጠይቅ እምቢ አለች፤ ቀድሞ አጃቢዋ የነበረችውን ድምፃዊት እሷን አስመስላ እንድትዘፍን አደረጉ። ለድርሰቱ ከፍለው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት የታወቀን ድምፅ ለንግድ አስመስሎ መጠቀም ጥፋት ነው አለ፤ በኋላም 400,000 ዶላር ተፈረደላት። ነገሩ የማስታወቂያ ነው፤ የፊልም ማስተዋወቂያ ቪዲዮም ግን ማስታወቂያ ነው።

በመጨረሻ የራሳችሁን ሰዎች አትርሱ። ድምፃዊቷ፣ ክራር መቺው፣ አቀናባሪው፣ ስቱዲዮው፤ እያንዳንዳቸው በጽሑፍ መፈረም አለባቸው። ጓደኛም ቢሆን። በተለይ ጓደኛ ከሆነ።

የሌላ ሰው ካቨር መውሰድ

ዩቲዩብ ላይ አንዲት ልጅ በጊታር ያዜመችውን ሰምታችሁ ወደዳችሁት እንበል። ለልጅቷ ጻፋችሁላት፣ ደስ ብሏት ፈቀደች። የፈቀደችው የራሷን ማስተር ብቻ ነው። ድርሰቱ አሁንም የሌላ ሰው ነው፤ እሷ ራሷ ያላስፈቀደችው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ደራሲውን ስታነጋግሩ የእሷንም ገመና ታወጣላችሁ። እንደ ኦሪጅናሉ ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል፤ የኦሪጅናሉን ትዝታ ግን አይሰጥም። ያ የተለየ አዜማመር ነፍሳችሁን ካልያዘው በቀር አልመክረውም። ከወደዳችኋት ልጅቷን ስቱዲዮ አስገብታችሁ ለፊልሙ አስቀርጿት፤ ለእሷም ክፍያ ይሆናታል።

የሕዝብ ዜማ

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ማንም አይወርሳቸውም። እሹሩሩ፣ ሆያ ሆዬ፣ አበባየሆሽ፣ የሰርግ ዜማዎቻችን የሁላችን ናቸው። ተዋናዩን ካሜራ ፊት በባዶ ድምፅ ማዘፈን ካሰባችሁ ከዚህ የሚሻል ቦታ የለም። መጠንቀቅ ያለባችሁ "ትዝታ" የሚል ርዕስ ያለው ዘፈን ሁሉ የሕዝብ አለመሆኑን ነው። ቅኝቱ የሕዝብ ሆኖ በላዩ ያሉት ስንኞች የአንድ ገጣሚ፣ ቅንብሩ የአንድ አቀናባሪ ሊሆን ይችላል። ከመንደራችሁ አረጋዊት የሰማችሁትን ቅረጹ፤ ከሲዲ የሰማችሁትን አጣሩ።

በውጭ ዘፈኖች ደግሞ ዕድሜ ይቆጠራል። በአሜሪካ ከታተመ 95 ዓመት የሞላው ዘፈን ነፃ ነው፤ በጥር 2026 እ.ኤ.አ. የ1930 ዘፈኖች ነፃ ወጥተዋል። የዚያኑ ዘመን ቅጂዎች ግን ለ100 ዓመት ይጠበቃሉ። እንግዲህ ዘፈኑ ነፃ ሆኖ ሸክላው ነፃ ያልሆነባቸው ዓመታት አሉ፤ ካቨር ያለ ምንም ፈቃድ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው።

ነፃ የሆነ የሚመስል ዘፈን ዋጋ ሊጠየቅበት እንደሚችልም "ሃፒ በርዝደይ" አሳይቷል። አንዲት የዶክመንተሪ ፊልም ሠሪ ዘፈኑን ለመጠቀም 1,500 ዶላር ከከፈለች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰሰች፤ በ2015 ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ይሰበስብ የነበረው አሳታሚ ዋርነር ቻፔል በግጥሙ ላይ ሕጋዊ መብት የለውም ሲል ወሰነ፤ ጉዳዩ በ14 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ያቺ ሴት ዝም ብትል ኖሮ እኛም ለልደት ትዕይንታችን እየከፈልን እንኖር ነበር።

አዲስ ዘፈን ማሠራት

አነስተኛ በጀት ላለው ሰው የማስቀድመው ይህን ነው። ለታወቀ ዘፈን ፈቃድ ከምታወጡት ባነሰ ገንዘብ ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲና አቀናባሪ ለፊልሙ ብቻ የሚሠሩት ዘፈን ታገኛላችሁ። ሙሉ መብቱን መግዛት ወይም ለፊልሙ ብቻ ፈቃድ መውሰድ ትችላላችሁ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዋጋው ይቀንሳል፣ ደራሲውም ዘፈኑ ነገ ቢወደድ የሚያገኘው ይኖረዋል። ዶሊ ፓርተን "አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ"ን ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1974 አወጣችው። ኤልቪስ ሊዘፍነው ሲል ሥራ አስኪያጁ የድርሰቱን ግማሽ መብት ጠየቃት፤ አለቀሰች እንጂ አልሰጠችም። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ለ"ዘ ቦዲጋርድ" ፊልም ካቨር ስታደርገው ዓለም የዊትኒ ዘፈን አለው፤ የድርሰቱ ገቢ ግን የጻፈችው ሴት ቤት ገባ። የእኛ ገጣሚዎች ስንኛቸውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጠው ዘፈናቸው ሠላሳ ዓመት ሰርግ ሲያደምቅ ቆመው ያዩ ናቸው። ፊልም ሠሪ ይህን የመለወጥ ዕድል በእጁ አለ።

ከሙዚቃ ላይብረሪ፣ ማለትም አስቀድሞ ከተሠራ የሙዚቃ ክምችት፣ የሚገዛ ሙዚቃ ለጀርባ ማጀቢያ ይበቃል። ሰው እንዲያለቅስበት ለምትፈልጉት ትዕይንት አይበቃም።

የትኛው ሕግ?

አገር ውስጥ የሚገዛን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የድርሰት መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ በጋራ ለተሠራ ድርሰት የሚቆጠረው የመጨረሻው ደራሲ ከሞተ ጀምሮ ነው። የድምፅ ቅጂ ጥበቃም 50 ዓመት ነው፤ ግን ከተቀረጸበት ወይም ከታተመበት ዘመን ስለሚቆጠር ቀድሞ ያበቃል። ሸክላው አርጅቶ መብቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ድርሰቱ ገና ጎልማሳ ሊሆን ይችላል። አውሮፓና አሜሪካ ለቅጂ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ፊልማችሁ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ከወጣ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ቴል አቪቭም፣ ሪያድም ይታያል። ኮንተንት አይዲ የተባለው የዩቲዩብ ሙዚቃ መለያ ሥርዓት ቪዲዮው ከየት አገር እንደተጫነ አይጠይቅም፤ ዜማውን ለይቶ ካቨርንም ይይዛል፣ የማስታወቂያውን ገቢ ወደ ባለመብቱ ያዞራል፣ ወይም ቪዲዮውን ይዘጋል።

"ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ነፃ ነው" የሚባለው በየትኛውም ሕግ የለም። "ስማቸውን ከሥር ጽፌያለሁ" ማለትም ፈቃድ አይሆንም።

እንዴት ልምረጥ?

ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ተመልካቹ ዘፈኑን ማወቅ አለበት ወይ? ማወቅ ከሌለበት አዲስ አሠሩ። ማወቅ ካለበት፣ የሚያውቀው ዘፈኑን ነው ወይስ ያንን ድምፅ? ድምፁን ከሆነ ኦሪጅናሉን፣ ዘፈኑን ከሆነ ካቨር። ገጸ ባሕርይዋ ወጥ እየሠራች የምታንጎራጉረው ከሆነ ካቨር ነው፤ ሁለት መስመርም ብትሆን ፈቃድ ያስፈልጋታል። ያንን ፈቃድ ደግሞ ከቀረጻ በፊት ያዙት። የጀርባ ሙዚቃ ኤዲቲንግ ላይ ይቀየራል፤ በተዋናይዋ አፍ የተዘፈነን ዘፈን ግን ትዕይንቱን ሳትጥሉ አታወጡትም።

ገንዘብ ካጠረ የፌስቲቫል ፈቃድ ጠይቁ። ለአንድ ዓመት፣ ለፌስቲቫል ብቻ፣ በትንሽ ክፍያ። በዚያው ወረቀት ላይ ግን ፊልሙ ለቴሌቪዥን ወይም ለኢንተርኔት ቢሸጥ ስንት እንደምትጨምሩ አሁኑኑ ይጻፍ። ፊልሙ ከተወደደ በኋላ የሚደረግ ድርድር ውድ ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ይኑር? የትኛው ዘፈን፣ በየትኛው ትዕይንት፣ ስንት ደቂቃ፣ በየትኞቹ አገሮች፣ እስከ መቼ፤ ሲኒማ፣ ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔት፣ አውሮፕላን ውስጥ፤ ማስተዋወቂያ ቪዲዮውንም ይጨምራል ወይ፤ የግርጌ ትርጉሙ ተፈቅዷል ወይ፤ ስሙ እንዴት ይጻፍ። ገጣሚና ዜማ ደራሲ ሁለት ሰዎች ከሆኑ ሁለት ፊርማ። ከሞቱ የወራሽነት ማስረጃ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በአዋጃችንም ዋጋ የለውም።

እኛ ለዚያ አጭር ፊልም ዜማ ደራሲውን በሕይወት አገኘናቸው። ገጣሚው አርፈው ነበር፤ ሴት ልጃቸውን ለማግኘት አራት ወር ፈጀ፤ ፌስቲቫሉ አለፈን። ክፍያው ላይ ብዙም አልተከራከረችም። የጠየቀችው ያ ካሴት ሲታተም የተሳሳተው የአባቷ የአባት ስም እንዲታረም ነበር። አሁን በፊልሙ መጨረሻ ላይ ታርሞ፣ ከድምፃዊቷ ስም ቀድሞ ይነበባል።